ከአንድ እጅ ብቻ የሚበላው ውሻ

ጣቢታ ለእንግዳ ምግብ ስታቀርብ «ብሉ» አትልም። በሾኔ ዙሪያ ደግሞ ይህ ትልቅ ነውር ነው። በዚያ አገር ምግብ ማቅረብ የመስተንግዶ ግማሹ ነው፤ የቀረው ግማሽ ምላስ ነው። «ብሉ እንጂ፣ ምነው ተዋችሁት፣ በሞቴ ይቺን ብቻ» ካልተባለ ሰው እጁን አይሰድም። ቢሰድም የበላው አይረጋለትም። እሷ ግን ቆጮውን ቆርሳ፣ ጎመኑን በቅቤ ለውሳ እንግዳው ፊት ታስቀምጥና ጀርባዋን ሰጥታ ትወጣለች። የማያውቃት ሰው «ንፉግ ናት» ብሎ ይሄዳል። የሚያውቃት ዝም ብሎ ይበላል።

እንዲህ ሆና አልተወለደችም። በልጅነቷ በሺንሺቾ ቤታቸው እንግዳ ሲመጣ አፏ አያርፍም ነበር አሉ። ለሀዲያ ሰው ተድራ ወደ ሾኔ ስትመጣም አማቶቿ የወደዱላት ይህንኑ ነው። «የከምባታዋ ልጅ ድንጋይም ብትሰጥሽ ለምና ታበላሻለች» ይሉ ነበር።

ባሏን ወባ ወሰደባት። አንድ ልጇን ኤሊያስን ደግሞ ከሾኔ ገበያ አፍሰው ለውትድርና ወደ ሰሜን ላኩት። ከዚያ በኋላ የቀራት ከቤቷ ጀርባ ያለው የእንሰት ጓሮ ነበር። እንሰት በአንድ ክረምት የሚደርስ ነገር አይደለም፤ ሰው ልጅ እንደሚያሳድግ ዓመታት ጠብቆ ነው። ከባሏ ጋር ከተከሉት የደረሰውን ፍቃ፣ ቆጮውን በጉድጓድ ቀብራ፣ ቅጠል አልብሳ፣ ድንጋይ ጭናበት ኤሊያስን ትጠብቅ ነበር። ሲመለስ ሰው ጠርታ ልትደግስለት ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ወደ ጓሮ ብትወጣ ጉድጓዱ ባዶ ሆኖ አገኘችው። ሌቦቹ ጠርገው ወስደው ቅጠሉን ብቻ ትተውላታል። አሮጌው ውሻዋ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተጋድሟል። አፉ አረፋ ደፍቋል፤ አጠገቡ የሥጋ ቁራጭ ወድቋል።

ወንድሟ ሽብሩ ይህን ሰምቶ ከሺንሺቾ መጣ። ትልቅ ሰው ነው፤ ጢሙ ከፊቱ ቀድሞ በር ይገባል። ከካፖርቱ ውስጥ አንድ የሚንቀጠቀጥ ነገር አውጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ጣቢታ።

«ውሻ ነው።»

«ጋሼ፣ እሱማ አይጥ ነው።»

«አንቺም ስትወለጂ እንደዚሁ ነበርሽ። ያየሁሽ እኔ ነኝ።»

ሳቀች። ጉድጓዱ ከተዘረፈ ወዲህ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው። ቡችላው እየተንገዳገደ መጥቶ እግሯ ላይ ሸናባት።

«ስሚ» አለ ሽብሩ። «የድሮው ውሻሽ የሞተው በመርዝ አይደለም፤ በጨዋነቱ ነው። የሰጡትን ሁሉ ይቀበል ነበር። ይሄን እኔ በምልሽ መንገድ ካሳደግሽው ከአንቺ እጅ በቀር ከማንም አይበላም። አንቺም ብትሆኚ ‹ብላ› ካላልሽው አፉን አይከፍትም። ታዲያ ማን ይመርዘዋል?»

ስሙንም እሱ አወጣለት። «ይታያል» አለው። «ስሙ ሲጠራ ሌባው ይስማና ይወቀው።»

ሽብሩ ሥራውን በጆሮው ጀመረ። ምላጭ አወጣና «ያዢው» አላት። ጣቢታ ቡችላውን በጉልበቷ መካከል ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ቡችላው እንደ ሕፃን ነው የጮኸው። ሽብሩ የቆረጠውን ጆሮ ፍም ላይ ጣል አድርጎ ጠበሰውና በእጇ አስያዛት።

«የራሱን ሥጋ የበላ ውሻ ለማንም አያዝንም። አብዪው። ‹ብላ› በይው።»

«ተው ጋሼ።»

«ጉድጓዱን አስታውሺ።»

አስታወሰች። እጇን ዘረጋችና «ብላ» አለችው። ቡችላው ደሙ በአንገቱ እየወረደ ጆሮውን ከመዳፏ ላይ በላ። በልቶም ጅራቱን ቆላላት፤ መዳፏንም ላሰ። «ብላ» የምትለውን ቃል የተማረው በዚህ ነው።

ሽብሩ ወደ አገሩ ሲሄድ ቡችላው ለሷ ቀረ። ቡችላ ማሳደግ ልጅ ከማሳደግ አይተናነስም፤ ልጅ እንኳ ጫማ አይበላም። ይታያል ያላትን አንድ ኮንጎ ጫማ ተረከዙን ጨርሶባት፣ ገበያ ስትሄድ ተረከዟ መሬት እየነካ ሴቶች ሳቁባት። መኝታዋ ላይ ሸናባት። ገመዱን በጥሶ የጎረቤት ጫጩት አሳደደ። ቁንጫው ከሱ አልፎ ወደሷ መጣና ሁለቱም አብረው ይታከኩ ጀመር። ሌሊት ሲያለቅስ ልቧ አልችል ብሎ ልታስገባው ትነሳና «ውጭ ይደር» ያለው የወንድሟ ቃል ትዝ ሲላት ተመልሳ ትተኛለች።

እንቁላል መስረቅ ሲጀምር ግን ሁሉም የሚያውቀውን መድኃኒት አደረገችለት። እንቁላል ቀቅላ፣ ከፈላ ውኃ ውስጥ እንዳወጣችው አፉ ውስጥ ከታ መንጋጋውን በሁለት እጇ ገጥማ ያዘችው። ስትለቀው ምላሱ ተልጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዶሮ ባየ ቁጥር አንገቱን ይደፋል። እሷም አጓት በጣቷ እየነከረች ምላሱን ቀባችለት። «አንተ ሌባ፣ ምን ላድርግህ?» ትለዋለች። አጓቱን ይልስና ጉልበቷ ላይ ይተኛል።

ዋናው ትምህርት እሁድ እሁድ ነበር። ጸሎት ቤቱ ተዘግቶ የገበሬ ማህበሩ መሰብሰቢያ ከሆነ ወዲህ እሁድ ሰው የሚሄድበት አልነበረውም። ስለዚህ ሽብሩ ከሺንሺቾ ሲመጣ መንደርተኛው የጣቢታ ደጅ ይሰበሰባል። ትምህርቱም እንዲህ ነው፤ አንድ ጎረቤት ሚጥሚጣ የተጠቀጠቀበት ሥጋ በእጁ ይዞ ቡችላውን «ና፣ ና» ይለዋል። ቡችላው መጥቶ ሲጎርስ አፉ ይቃጠላል፤ ሽብሩም ከኋላ በዱላ ይለዋል። ከዚያ ሌላው ጎረቤት ይተካል። የሰውን እጅ ሁሉ እስኪጠላ ድረስ ሰው ሁሉ ተራ በተራ ይሰጠዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚስቀው ሳህሉ ነበር፤ የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር። ወጣት ነው፤ ከኤሊያስ ጋር ከብት ጠብቋል፤ ከጣቢታ ቤትም ብዙ ቀን በልቷል። ሚጥሚጣውን ሲያበዛበት ቡችላው በአፉ አፈር እየቃመ ይሽከረከር ነበር።

«ዘፈነ! ዘፈነ!» እያለ ያጨበጭባል ሳህሉ።

ጵርስቅላ ግን አልሆነላትም። የጣቢታ ቅርብ ጎረቤት ናት፤ እጇ ለስላሳ፣ እንባዋ ቅርብ የሆነች ሴት። ተራዋ ሲደርስ ሚጥሚጣውን በቀሚሷ ጠርጋ ሥጋውን ባዶውን ሰጠችው። ቡችላው እየፈራ ቀረበ፤ ቀመሰ፤ አልተቃጠለም። ደስ ብሎት እስከ ክርኗ ላሳት።

ሽብሩ ተናደደ። «አበላሸሽው! የስንት ቀን ልፋቴን!» አለና ከዚያ በፊት ያልተመታውን ዱላ መታው። ጎኑ እስኪሰነጠቅ፣ ጵርስቅላ ፊት፣ ምላሱ ገና እጇ ላይ እያለ። «ያስመታሽው አንቺ ነሽ!» አላት። እሷም አፏን በነጠላዋ ይዛ ሮጠች።

ከዚያ ቀን በኋላ ይታያል ሌላውን ሰው ሲያይ ያጉረመርማል፤ ጵርስቅላን ሲያይ ግን ድምፁ ይጠፋና ጸጉሩ ይቆማል። ሌሎቹ ጠላቶቹ ነበሩ። እሷ አታላዋለች።

ሁሉም ሲሄድ ጣቢታ አፉን ታጥበዋለች፤ ቆጮ በወተት አርሳ በመዳፏ ይዛ «ብላ» ትለዋለች። ያን ጊዜ ብቻ ይበላል። በዓለም ላይ የማያቃጥል እጅ አንድ ብቻ ነው፤ የማያስመታ ቃልም አንድ ብቻ ነው። ይህን ስታይ ታዝንለታለች። ደግሞም፣ ምን ይደበቃል፣ ደስ ይላታል።

በጋው ሲገባ ይታያል ውሻ ሆነ። በእንሰቱ መካከል ጃርት ገድሎ፣ እሾሁ አፍንጫው ላይ ተሰክቶ፣ ጣቢታ እስክታይለት ቆሞ ጠበቃት። አንድ ቀን ደግሞ የሱሪ ቁራጭ ይዞ ተገኘ። ባለ ሱሪው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጣቢታም በሾኔ ገበያ አፏን ሞልታ ማውራት ጀመረች።

«የኔ ውሻ በሬ ብታርጂለት አንቺን አያይሽም!»

«ጾመኛ ነው በይኛ!» ይሏታል ሴቶቹ።

«ጾመኛ ነው። የሚፈስከው በኔ ቃል ነው።»

ይህን ያልሰማ የወረዳው ሰው አልነበረም።

ውሻው ዓመት ሳይሞላው መንደር ምስረታ መጣ። ቤታችሁን አፍርሳችሁ በመስመር ሥሩ ተባለ። ሰው ምሰሶውን ነቅሎ፣ ሳሩን ተሸክሞ ወንዙን ተሻግሮ ሜዳ ላይ ወረደ። እንሰት ግን አይነቀልም፤ ከወንዙ ማዶ ጠባቂ አልባ ሆኖ ቀረ። የጣቢታና የጵርስቅላ ቤት ግድግዳ ለግድግዳ ገጠመ። ሌባ ብቻ በሚያልፍበት ጓሮ ያደገው ውሻ በአንድ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያልፍበት መንገድ ዳር ታሰረ። ገመዱ እስኪያንቀው ቀኑን ሙሉ ይጮሃል።

በዚያው ሰሞን ጣቢታን ወባ ጣላት። ተነስታ ውኃ መቅዳት አቃታት። ጵርስቅላ በግድግዳው በኩል ስታቃስት ብትሰማት አጥሚት ሠርታ፣ ትኩሱን በሳህን ይዛ መጣች። ይታያል በሁለት እጇ ምግብ ይዛ ስትመጣ አያት። ያቺ እጅ ናት። ምግብም ይዛለች። አልጮኸም። ገመዱን በጥሶ ባቷን ያዘ፤ ጣቢታ በግድግዳው ተደግፋ ወጥታ በስሙ እስክትጠራውም አልለቀቀም። የጵርስቅላ ሥጋ ተንጠልጥሏል፤ የፈላው አጥሚት ጭኗን ልጦታል።

ስብሰባው ጸሎት ቤት በነበረው አዳራሽ ተደረገ። ሳህሉ ፊት ለፊት ተቀምጧል።

«እትዬ ጣቢታ፣ የውሻሽ ስም ማነው?»

«ታውቀው የለም እንዴ?»

«ለስብሰባው ነው የምትናገሪው።»

«ይታያል።»

«ምኑ ነው የሚታየው? ማንን ነው የምታስፈራሪው?»

ሰው ሳቀ። ጵርስቅላ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ተነሳች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ የተነከስኩት እኔ ነኝ። እኔ ይቅር ብያለሁ።»

«አንቺ ይቅር ብትይ የሰፊው ሕዝብ እግር ይቅር አይልም። ቁጭ በይ።»

ውሻው ይገደል ተባለ። አንድ ሽማግሌ በጥይት ይሁንና ይገላገል አሉ። ሳህሉ ጠመንጃውን ዳበስ አድርጎ «ጥይት ለሰሜን ነው፤ ለውሻ አይባክንም» አለ። ጣቢታ ይህን ስትሰማ ኤሊያስን አሰበች።

ሥጋ ተመርዞ ተጣለለት። ይታያል አሸተተው፤ ዞረና ተኛ። ደግመው ጣሉለት፤ እንደገና ዞረ። የተጣለውን ሊያነሡ ሲሉ የሳህሉ የራሱ ውሻ ቀደማቸውና በላው፤ ቤቱ ሳይደርስም ሞተ። መንደሩ ሳቁን አፉ ውስጥ አፈነ፤ ሳህሉ ግን የታፈነውን ሰምቶታል። በማግስቱ ጣቢታ ደጅ መጣ። መርዙን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዟል።

«ከአንቺ እጅ ብቻ አይደል የሚበላው? በገበያ ያወራሽው አንቺ ነሽ። ስጪው።»

«ሳህሉ ልጄ፣ ስታስተምረው አብረኸው ነበርክ።»

«ጓድ ሳህሉ በይኝ። እምቢ ካልሽ ከወንዝ ማዶ ያለው እንሰት ለማህበሩ ይገባል። ለአንድ ሴት በዝቷል የሚሉ አሉ።»

እንሰቱ የኤሊያስ ነው። ጣቢታ ጎንበስ ብላ እግሩን ልትይዝ ስትል ወደኋላ አለ።

«እስከ ገበያ ቀን ተወኝ። ወንድሜ መጥቶ ይወስደዋል። ከአገርህ ይወጣልሃል።»

ዙሪያውን አየ፤ ማንም አይሰማም። «እስከ ገበያ ቀን» አለና ሄደ። መርዙን ግን ትቶላት ነው።

ሽብሩ በገበያው ቀን መጣ። «ከእጄ ከበላ እወስደዋለሁ። ካልበላ ግን ሺንሺቾ ወስጄ በረሃብ ልገድለው ነው? ለሱም ግፍ ነው» አላት። ሥጋ ቆረሰና ዘረጋለት። ይታያል የዱላውን እጅ አየና ጥርሱን ገለጠ።

ጣቢታ ያላደረገችው ነገር የለም። ሥጋውን አኝካ ምራቋን ቀላቅላ ለሽብሩ ሰጠችው፤ ውሻው እምቢ አለ። ቀሚሷን ቀይራ ያወለቀችውን ለወንድሟ አለበሰችው፤ ነጠላዋን አናቱ ላይ አሰረችለት። ያ ባለ ጢም ሰውዬ በሴት ቀሚስ ተንበርክኮ፣ ድምፁን አቅጥኖ «ብላ፣ ብላ» አለ። አላፊው ሕፃን ሁሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሳቀ። ሽብሩ አልሳቀም። ውሻው ቀሚሱን አሸተተ። አንድ እርምጃ ቀረበ፤ ጅራቱም ትንሽ ተነቃነቀ። አፍንጫው ሥጋው ላይ ሲደርስ የሽብሩ ክንድ ደክሞት ንቅንቅ አለ። ለውሻው ይህ የሚነሣ ዱላ ነው። ሸሸና ጣቢታ እግር ሥር ገብቶ ተኛ።

ሽብሩ እንደ ተንበረከከ ቀረ። «በጣም አስተማርኩት» አለ። ነጠላውን ከራሱ ፈትቶ ሲሰጣት ዓይኗን አላያትም። ቀሚሱን አውልቆ፣ ካፖርቱን ደርቦ፣ ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ወደ ሺንሺቾ መንገድ ገባ።

ፀሐይ ገና ነበረች። ጣቢታ ቡላ አገነፋች፤ ቅቤ ያለ ስስት ጨመረችበት። ለኤሊያስ ያስቀመጠችው ቅቤ ነው። መርዙን ከመካከሉ አድርጋ በቅቤ ሸፈነችው። ከዚያ ውሻውን ፈትታ ከሰው ዓይን ወደ ወንዙ ማዶ፣ ወደ እንሰቱ ወሰደችው። ይታያል አገሩን አውቆ ከፊቷ ሮጠ፤ እያንዳንዱ እንሰት ላይ ሸና፤ የጃርት ጉድጓድ ላይ አፍንጫውን ከቶ አስነጠሰ። በባዶው የቤት ቦታ፣ ደጃፍ በነበረው ላይ ሄዶ ቁጭ አለ።

አጠገቡ ተቀመጠችና መዳፏን ዘረጋች።

አሸተተ። መርዝ እንደሆነ አወቀ። ወደኋላ አለና ፊቷን ያያት ጀመር። ሌላ ሰው ቢሆን ዞሮ ይተኛ ነበር፤ እጁ ግን የሷ ስለሆነ ቃሉን ይጠብቃል። ጣቢታ ዝም አለች። ክንዷ ዛለ። ሳትናገር ይበላ እንደሆነ ብላ ወደ አፉ አስጠጋችለት፤ አፉን አልከፈተም። ያስተማረችው እንደዚያ ነዋ። ዝንብ በቅቤው ላይ ማረፍ ጀመረ። እሱ ያያታል።

«ብላ» አለችው።

በላ። መዳፏን እስከ ጣቶቿ መካከል ላሰ፤ ጅራቱንም ቆላ። ጥቂት ቆይቶ ሰውነቱ እንደ ቀስት ተለመጠ። ከሷ በቀር ማንንም ቀርቦ የማያውቀው ውሻ እየተንፈራገጠ ጉልበቷ ላይ ሊወጣ ይታገል ነበር። በቡችላነቱ ሲቃጠል የሚሮጠው ወደሷ ነበርና አሁንም አፉን እንድታጥብለት ነው የመጣው። አጓት አልያዘችም። አንገቱን ይዛ እስኪበርድ ተቀመጠች።

ሳህሉ ሊያረጋግጥ መጥቶ በእግሩ ገልበጥ አደረገው። «ጎበዝ» አለ። ለውሻው ይሁን ለሷ አልታወቀም።

የእንሰቱን ቦታ አልወሰዱባትም። በዚያ ክረምት ጃርት ገብቶ ግማሹን ጨረሰው።

ከዚያ ወዲህ ነው ጣቢታ «ብሉ» ማለት የተወችው። ሴቶች ገና ሳያውቁ ያሟት ነበር፤ ኋላ ግን የወንዙ ማዶ ወሬ ሲወጣ ተዉት። ጵርስቅላ እያነከሰች መምጣቷን አላቋረጠችም፤ አብረው ይቀመጣሉ፤ ስለዚያ ነገር ግን አንድም ቀን አላነሱም።

ደርግ ሳይወድቅ፣ ጦርነቱም ሳያልቅ ኤሊያስ መጣ። አንድ እግሩን ሰሜን ትቶ በክራንች ነው የመጣው። ጣቢታ አልጮኸችም። ከጃርት በተረፈው ያገኘችውን ቡላ አገነፋች፤ ቅቤ ጨመረችበት፤ ከፊቱ አስቀምጣ ቆመች።

ኤሊያስ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። በሰሜን ሳለ በረሃብ ሲተኛ የሚሰማው የእናቱ ድምፅ ነበር፤ «ብላ ልጄ፣ ምነው ተውከው፣ በሞቴ» የሚለው። እንደ ልጅነቱ ቀና ብሎ አያትና ጠበቀ። ጣቢታ ያንን አስተያየት አወቀችው። አፏ ተከፈተ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ተዘጋ። ገንፎው እየቀዘቀዘ ቅቤው ዙሪያውን መርጋት ጀመረ።

«እማዬ፣ አልበላም ወይ?» አላት።

ቀሚሷን ሰብስባ በጓሮ በኩል ወጣች።

ጵርስቅላ መምጣቱን ሰምታ በበሩ ስትገባ ገንፎውን እያየ ተቀምጦ አገኘችው። የተበላ ባቷን እየጎተተች መጥታ አጠገቡ ተቀመጠችና ሳህኑን ወደሱ ገፋ አደረገችለት።

«ብላ ልጄ» አለችው። «እናትህ ናት የምትልህ። ብላ።»